ታብሌት ልግዛላት ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ ነው። ትልቋ ልጄ 6ኛ ክፍል ናት፣ የምትማረውም የግል ትምህርት ቤት ነው። ባለፈው ወላጆችን ሰብስበው በሚቀጥለው ዓመት እያንዳንዱ ተማሪ ታብሌት ይዞ መምጣት አለበት አሉን። አባቷ «ዘመኑ ነው፣ እንግዛላት» ይላል። እኔ ግን ስልኬ እጇ ከገባ ማስጣሉ ስንት ትግል እንደሆነ ስለማውቅ ፈራሁ። ብሩም ቀላል አይደለም። ይጠቅማታል ወይስ ይጎዳታል? እውነቱን ንገሩኝ።
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ቶሎ ትዝ ያለኝ ፕላዝማ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማርን ሰዎች አንረሳውም። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፣ ክፍል ውስጥ በተቀመጠው ትልቅ ቴሌቪዥን ይተላለፋል፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ ያውም በሩጫ። ምንም አልጠቀመኝም ብል ውሸት ይሆናል። ላብራቶሪ በሌለው ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ ያየሁት በእሱ ነው፤ ፈሳሹ ቀለሙን ሲቀይር ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ግን ያልገባን ነገር ሲኖር «ቆይ፣ ድገመው» አይባልም። ጥያቄ ይሰጠናል፣ ደብተራችን ላይ ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱን ነግሮን ያልፋል። መብራት ከጠፋማ የዚያ ቀን ትምህርት አለቀ። ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ግን መምህራኖቻችን ናቸው። ማስተማር የሚችሉ፣ እኛን በስም የሚያውቁን ሰዎች ጥግ ቆመው ከእኛ ጋር ቴሌቪዥን ያዩ ነበር።

ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ክፍሉን የሚመራው ማን ነው ብዬ ነው፤ መምህሩ ወይስ ዕቃው?

ከእርስዎ ብዙም ሳይርቅ የተሞከረ ነገር ልንገርዎ። በ2004 ዓ.ም. ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ወለንጪቲ አካባቢና ወንጪ ላይ፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ሕፃናት በፀሐይ ኃይል ቻርጅ የሚደረጉ ታብሌቶች ሰጥቶ ነበር። አስተማሪ የለም፣ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያቸውም የለም። ድርጅቱ እንደተናገረው ልጆቹ ራሳቸው አብርተው መነካካት ጀመሩ፣ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ነበር፣ በኋላም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት። የልጆቻችን ጭንቅላት እንዲህ ነው፣ ደስ ይላል። ግን ዕቃውን መክፈት ሌላ፣ ትምህርት መማር ሌላ። የዚሁ ድርጅት ላፕቶፖች ፔሩ ውስጥ ከ800 ሺህ በላይ ተከፋፍለው ነበር፤ አጥኚዎች ያገኙና ያላገኙ ትምህርት ቤቶችን ሲያወዳድሩ ግን በሂሳብም በቋንቋም የውጤት ልዩነት አላገኙም። ልጆቹ ኮምፒዩተሩን ለመዱ፣ ሂሳቡ ግን ባለበት ቀረ።

ፍርሃትዎም ተራ የእናት ጭንቀት አይደለም። ዩኔስኮ በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባወጣው ሪፖርት፣ አንድ ተማሪ በስልክ ሐሳቡ ከተበተነ ወደ ትምህርቱ ለመመለስ እስከ 20 ደቂቃ ሊወስድበት እንደሚችል ጽፏል። የአንድ ክፍለ ጊዜ ግማሽ በሉት። ስዊድንም በዚያው ዓመት ወደ ታተመ መጽሐፍ ለመመለስ ገንዘብ መድባለች፤ መቼም ታብሌት መግዛት አቅቷት አይደለም።

አባቷም ቢሆኑ ግን እውነት አላቸው። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናን በኮምፒዩተር የወሰዱ ተማሪዎች ነበሩ። ማውዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዙት ፈተናው ቀን ከሆነ ያሳዝናል። ደግሞ 50 ተማሪ ያለው የሂሳብ መምህር የሁሉንም ደብተር በየቀኑ ማረም አይችልም፣ ጥሩ የመለማመጃ አፕ ግን ልጅቷ የቱ ጋ እንደተሳሳተች እዚያው ይነግራታል። ማየት ለማይችል ተማሪማ ጽሑፍ የሚያነብለት ኮምፒዩተር ትልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ ብሩን ከማውጣትዎ በፊት ትምህርት ቤቱ ይሂዱና በየትኛው ትምህርት፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚጠቀሙበት ይጠይቁ። ኢንተርኔት ሲጠፋ ይሠራል? መምህራኑ ሥልጠና ወስደዋል? መምህሩ «አሁን ዝጉ» ሲል ሁሉም ይዘጋል ወይስ ልጆቹ ጠረጴዛ ሥር ጌም ይጫወታሉ? መልሳቸው «መጽሐፉን በፒዲኤፍ እንጭንላቸዋለን» ብቻ ከሆነ አይግዙ። መጽሐፉ ይሻላታል፣ ይሰመርበታል፣ ቻርጅ አይፈልግም። ትምህርት ቤቱ ራሱ ለአንድ ክፍል የሚበቃ ታብሌት ገዝቶ በፈረቃ ቢያስጠቅም ደግሞ ከሁሉም ይሻላል፣ ይህን በወላጅ መምህር ኅብረቱ በኩል ያንሱት። እንደ እርስዎ ብሩ የከበዳቸው ሌሎች ወላጆች መኖራቸው አይቀርም፣ አፍረው ዝም ብለው ይሆናል።

መልሳቸው ካረካዎትና ከገዙላት፣ ታብሌቱ ማታ መኝታ ቤቷ አይግባ፣ ቻርጅም እናንተ ክፍል ይደረግ። በሳምንት አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጠው «እስቲ የተማርሽበትን አሳዪኝ» ይበሏት። ሦስት አራት ሳምንት አልፎ የምታሳይዎት ነገር ከሌላት፣ ልጅቷን ሳይቆጡ መምህሯን ያነጋግሩ።