«ለባልሽ ንገሪው»፣ «ለአባባ ንገሪልኝ»

ከአዳማ የጻፈችልኝ እህት 29 ዓመቷ ነው፤ ባለቤቷ 33። ግብርና ተምሮ፣ ትንሽ ጊዜ ተቀጥሮ ሠርቶ፣ ከአራት ዓመት በፊት ወደ አባቱ እርሻ ተመልሷል። ማሳው ከከተማው ወጣ ብሎ አዋሽ ዳር ነው፣ ሁለት ሄክታር ይሆናል። በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ በክረምት ጤፍ ያመርታሉ። ልጅ የጠብታ መስኖ እናስገባ ይላል። የ68 ዓመቱ አባት አይሆንም ብለዋል። ከጥር ጀምሮ አንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ አይነጋገሩም። ከደብዳቤዋ ትንሽ ልጥቀስ፦

«አባባ ‹ለባልሽ ንገሪው፣ ነገ ሞተሩን እንዳያስነሳ› ይሉኛል። እሱ ደግሞ ‹ለአባባ ንገሪልኝ፣ ችግኝ ገዝቻለሁ› ይላል። ሁለቱም እዚያው ናቸው፣ አንዱ የሌላውን ይሰማል። አባባ ‹ቱቦህን የአዋሽ ደለል ይደፍነዋል› እያሉ ሰበብ ያበዛሉ። የእሳቸው አባት ጭሰኛ ስለነበሩ መሬቱን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩት። እማማ ዝም ብለው ያያሉ። የሽንኩርቱ ብር የሚገባው አባባ እጅ ነው፣ ሂሳቡን የምጽፈው ግን እኔ ነኝ። አሁን ባለቤቴ ልጃችንን ይዘን አዲስ አበባ እንግባ እያለ ነው። እኔ ደግሞ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ አማትሽ ብዙ ጽፈሻል፣ ስለ ባለቤትሽም እንደዚሁ። ስለ ራስሽ የጻፍሽው ግን ያቺን የእንቅልፍ መስመር ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ።

አንድ ነገር ግን አሁኑኑ ልንገርሽ። አማትሽ ስለ ደለሉ ያሉት ሰበብ አይደለም። ልክ ናቸው። ጠብታ መስኖ ውሃውን የሚያወጣው በጣም በጠባብ ቀዳዳ ነው፣ አዋሽ ደግሞ አፈር የሚሸከም ወንዝ ነው። ያለ ማጣሪያ ከገባ፣ ውሃው መጀመሪያ ረጋ ብሎ ደለሉን የሚጥልበት ገንዳ ከሌለ፣ ቱቦውም በየጊዜው ካልታጠበ ይደፈናል። ይህን ባለቤትሽ ክፍል ውስጥ ተምሮታል። አባባ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ቦይ ሲጠርጉ፣ ደለል በአካፋ ሲያወጡ ነው ያወቁት። እስኪ አስቢው፣ አባትና ልጅ አንድ ነገር እያወቁ ነው የተጣሉት! ፊት ለፊት ቢነጋገሩ ኖሮ የሚቀጥለው ጥያቄ «ማጣሪያው ስንት ብር ነው?» ይሆን ነበር። በአንቺ በኩል ሲያልፍ ግን ባለቤትሽ ጋ የደረሰው «አባባ አይሆንም ብለዋል» የሚለው ብቻ ነው። ይህን የምልሽ ልወቅስሽ አይደለም። የተላከ ቃል መንገድ ላይ ይደርቃል። ፊቱ፣ ድምፁ፣ ማመንታቱ ይቀርና አንድ «አይሆንም» ብቻ ይደርሳል።

መሪ ቦወን የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ነበር፣ የቤተሰብን ነገር በጥልቀት ያጠና። ሁለት ሰዎች በመካከላቸው ያለውን ጭንቀት መሸከም ሲያቅታቸው ሦስተኛ ሰው ይስባሉ ይላል፣ «ሦስት ማዕዘን» ብሎ ነው የጠራው። ለሁለቱ ቀለል ይላቸዋል። አይጣሉም፣ አይጯጯሁም፣ ኑሮ ይቀጥላል። ክብደቱ ያለው ሦስተኛው ትከሻ ላይ ነው። በእናንተ ቤት ሦስተኛዋ አንቺ ነሽ።

«ማስታረቅ ምን ክፋት አለው? እኛ አገር ሽማግሌ አለ አይደል?» ትይኝ ይሆናል። አለ፣ እኔም አከብረዋለሁ። ግን ሽማግሌ ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀምጣል እንጂ ለያይቶ ቃል አያመላልስም። ደግሞም ሲጨርስ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንቺ የት ትሄጃለሽ? ቤትሽ እዚያው ነው።

ይህን ጉዳይ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴና እኔ ለብዙ ዓመት የምንነጋገረው በእናቴ በኩል ነበር። እሱ ለእሷ፣ እሷ ለእኔ። እናቴ ያረፈች ቀን ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን የምንባባለው አጣን። ያኔ ነው የገባኝ። እሷን ብቻ አልነበረም ያጣነው፣ የምንነጋገርበትን ድምፅም ነው። ደብዳቤሽን ሳነብ እጄ የተንቀጠቀጠው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አማትሽ ልሂድ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ዕድሜያቸውን ቆጠርኩት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ጭሰኝነትን ያስቀረው የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ገና ጎረምሳ ነበሩ። ጭሰኛ ማለት ከምርቱ ሲሶውን፣ አንዳንድ ቦታም እኩሉን ለባለመሬቱ ሰፍሮ የሚሰጥ ማለት ነው፣ ያውም ሌላው ግዴታ ሳይቆጠር። እንግዲህ አማትሽ አባታቸው ያመረቱትን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ወደ ራሳቸው ጎተራ ሲያስገቡ በዓይናቸው ያዩ ልጅ ናቸው። ለእንዲህ ዓይነት ሰው «ማሳውን እንለውጠው» የሚለው ቃል ከጆሮ በታች ወርዶ ነው የሚሰማው።

ሌላም አለ። አስተማሪ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። ቀኑ ይታወቃል፣ ሰው ተሰብስቦ ይሸኘዋል፣ በየወሩም የምትደርሰው ነገር አለች። ገበሬን «በቃህ፣ አመሰግናለሁ» የሚለው የለም። መሬት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም አይለወጥም፣ ስለዚህ «ሸጬ ልረፍ» የሚባል ነገር የለም። ጡረታቸው ማሳው ራሱ ነው። ሞተሩ መቼ ይነሳ የሚለውን የሚወስኑት እሳቸው እስከሆኑ ድረስ የቤቱ አባወራ ናቸው። ያቺን ከለቀቁ በኋላ ማን እንደሚሆኑ ማንም አልነገራቸውም። ኤሪክ ኤሪክሰን የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ የሰውን ዕድሜ በስምንት ከፍሎ ሲያስቀምጥ፣ የመጨረሻው የእርጅና ጥያቄ በአጭሩ «የኖርኩት ኑሮ ዋጋ ነበረው ወይ?» የሚል ነው። አማትሽ አሁን እዚያ ጥያቄ ላይ ናቸው። ልጃቸው «በቦይ ማጠጣት ኋላ ቀር ነው» ሲል እሳቸው የሚሰሙት «ዕድሜ ልክህን ስትሳሳት ኖርክ» የሚል ነው። ልጁ እንዲህ ማለቱ አይደለም፣ አውቃለሁ።

ባለቤትሽስ? እሱም አላጠፋም። ጠብታ መስኖ ውሃውን ሥሩ ጋ ስለሚያደርስ ውሃና ናፍጣ ይቆጥባል፣ አረምም ይቀንሳል፣ ማዳበሪያውንም ከውሃው ጋር መስጠት ይቻላል። ግን እኔን የነካኝ ሌላው ነው። ሰውዬው በ33 ዓመቱ፣ የልጅ አባት ሆኖ፣ ያመረተው ሽንኩርት ሲሸጥ ብሩን አያየውም። ለልጁ ጫማ አባቱን መጠየቅ አለበት። ዲግሪ ያለው፣ ደሞዝ የሌለው ሠራተኛ ነው። አዲስ አበባ እንግባ የሚለው ከተማው ናፍቆት አይመስለኝም፣ አንድ ነገር «የእኔ ነው» ማለት ፈልጎ ነው። ስለዚህ የእናንተ ጠብ ስለ ቱቦ አይደለም ባይ ነኝ። አንዱ መቼና እንዴት እንደሚለቅ አያውቅም፣ ሌላው መቼና ምን እንደሚረከብ አያውቅም። ይህን ደፍሮ ያነሳ ስለሌለ ቱቦው ላይ ይጣላሉ።

ምን ታድርጊ? መጀመሪያ መልእክት ማድረስ አቁሚ። በቁጣ አይደለም፣ በአክብሮት። አባባን እንዲህ በያቸው፦ «አባባ፣ እኔ ስነግረው ቃልዎ ይበላሽብኛል። እርስዎ ራስዎ ቢነግሩት ይሻላል፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ።» ለባለቤትሽ ደግሞ ማታ ብቻችሁን ስትሆኑ፦ «አንተን እወድሃለሁ፣ አባባንም አከብራቸዋለሁ፣ ስለ እርሻው ግን ከዛሬ ጀምሮ ቃል አላመላልስም።» የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዱሻል። ሁለቱም ያኮርፉሻል፣ «ምን ነካት?» ይባላል። አንድ ተራ ውሃ ሊታለፍ ይችላል፣ ይታለፍ። ችግኝ በሚተከልበት ሳምንት ብቻ አትጀምሪው፣ ያኔ ማንም ሰው ቀልብ የለውም።

ቀጣዩ የባለቤትሽ ሥራ ነው፤ ይህን አምድ አሳዪው። ወንድሜ፣ ለአባትህ ልታስረዳቸው አትሂድ፣ ልትጠይቃቸው ሂድ። አብረህ ማሳውን ዙር። አዋሽ ሞልቶ በወጣበት ዓመት ውሃው የት ድረስ ደረሰ? ቶሎ የሚጠማው የትኛው ጥግ ነው? ይህን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ አንተም ቱቦ ከመዘርጋትህ በፊት የግድ የሚያስፈልግህ እውቀት ነው፣ ለማባበል ብለህ የምትጠይቀው አይደለም። ከዚያ ሁለቱን ሄክታር አትጠይቅ፤ ሩብ ሄክታር ለአንድ ወቅት ጠይቅ። የትኛው ጥግ እንደሚሆን እሳቸው ይምረጡ። ማጣሪያውን አስቀድመህ አስብበትና «አባዬ፣ ስለ ደለሉ ያሉት ልክ ነው፣ ለዚያ ይህን አስቤያለሁ» በላቸው። አንድ ዓይነት ዘር፣ አንድ ቀን የተተከለ፣ ግማሹ በእሳቸው ቦይ ግማሹ በአንተ ቱቦ። ሽንኩርት ከተተከለ ወዲያ አራት ወር ገደማ ነው። አራት ወር ደግሞ ሰው ይታገሣል።

ከቻላችሁ አንድ ቀን አንተና አባትህ መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሂዱ፣ ከአዳማ ሩቅ አይደለም። አዳማ ሬድ የሚባለው ሽንኩርት የወጣው ከዚያ ነው። የምልህ ለትምህርቱ ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ አንዳችሁ የማሳው ባለቤት፣ አንዳችሁ አዋቂ ናችሁ። እዚያ ግን ሁለታችሁም እንግዳ ናችሁ። በመንገድ ላይም፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ ወደ ፊት እያዩ ሲሄዱ፣ አባትና ልጅ ፊት ለፊት የማይወጣቸውን ነገር ያወራሉ። ይህን በሥራዬ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

እህቴ፣ የገንዘቡ ነገር ይጻፍ። ከሽያጩ ለአባባና ለእማማ ስንት፣ ለእናንተ ስንት፣ ለሚቀጥለው ዘርና ናፍጣ ስንት ይቀመጣል። ቤተሰብ መሃል ወረቀት ምን ይሠራል አትበሉ፣ ቤተሰብን የሚያጣላው ያልተጻፈው ነው። ባለቤትሽ እህት ወንድም ካለውም ይስሙ፣ ዝም ያለ ሁሉ ተስማምቷል ማለት አይደለም። የይዞታ ደብተሩ ላይ የእማማ ስምም ካለ፣ እሳቸውም ተቀምጠው እንጂ ወጥ እየሠሩ አይደለም የሚሰሙት። ስለ ውርሱና ስለ ማስተላለፉ ሕግ ወረዳው መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ ጠይቁ፣ እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም።

አዲስ አበባ መግባት ኃጢአት አይደለም። ግን ማስፈራሪያ አይሁን። «እሄዳለሁ» የሚለው ቃል ለ68 ዓመት አባት ምን እንደሚመስል ባለቤትሽ ያስብበት። ያቺን አንድ ወቅት ሞክሩ። ከዚያ በኋላም ምንም ካልተለወጠና ለመሄድ ከወሰናችሁ፣ ተመርቃችሁ ውጡ እንጂ ተኳርፋችሁ አትውጡ።

አሁን ወደ እንቅልፍሽ። ለመተኛት መቸገርሽ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ደስ ይልሽ የነበረው ነገር ሁሉ ደስ ማለት ካቆመ፣ በደብዳቤ አይሆንም፣ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ በአካል አግኚ። አትጠብቂ። አዳማ ውስጥ ታገኚያለሽ።

ግን እንቅልፍሽን ሳስብ አንድ ነገር ገረመኝ። ደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈሽዋል፤ ሂሳቡን የምትጽፊው አንቺ ነሽ። ባለፈው ወቅት ናፍጣ ስንት እንደወሰደ፣ ደላላው በስንት እንዳነሳው፣ ስንት ኩንታል እንደበሰበሰ በዚያ ቤት ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁለቱም የራሳቸውን ቃል ሲያሸክሙሽ ግን አንድም ቀን የአንቺን አልጠየቁሽም። የሰው ቃል አታመላልሺ አልኩሽ እንጂ አትናገሪ አላልኩሽም። ያቺ ቡና የተፈላች ቀን ስኒውን ቀድተሽ ወደ ጓዳ እንዳትመለሺ፤ ደብተርሽን ይዘሽ አብረሽ ተቀመጪ።

በሚቀጥለው ደብዳቤሽ ደግሞ ይህን ጻፊልኝ። ቁጥሩን የምታውቂው አንቺ፣ ስለ ጠብታ መስኖው ምን ትያለሽ?