የታተመው አልሙኒየም መቁረጫ ላይ ለምን ይለጠፋል?

ወንድሜ፣ ችግርህን አነበብኩት። በሌዘር ከዱቄት የታተሙ ሁለት የአልሙኒየም ዕቃዎች አሉህ፤ 10 በመቶ ገደማ ሲሊከን ያለበት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ፍሬዛ (በሚሽከረከር ስለት የሚቆርጥ ማሽን) ላይ አምሮ ተቆረጠ፣ አጥብቆ ከያዘው ሞርሳ ሲወጣ ግን ተጣመመ፤ ሰዎችም በጋዝ እሳት አሙቀው በመዶሻ አቀኑት። ሁለተኛውን 300 ዲግሪ ላይ 2 ሰዓት አስሞቅኸው። መጣመሙ ቀረ፤ አሁን ደግሞ አልሙኒየሙ የመቁረጫው ጫፍ ላይ እየተለጠፈ የዕቃውን ፊት ይቦጫጭረዋል፣ ታፑም (ቀዳዳ ውስጥ የብሎን ጥርስ የሚያወጣው መሣሪያ) ጥርሱን ይበላዋል። ማሽኑን ጠርጥረሃል።

ማሽኑን ተወው። ዕቃው ለስልሷል፤ መቁረጫህ ደግሞ ለአልሙኒየም የተሠራ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌዘሩ ያቀለጠው አልሙኒየም በቅጽበት ስለሚረጋ ሲሊከኑ የመሰብሰቢያ ጊዜ አያገኝም። በጣም ደቃቅ የሆኑ የአልሙኒየም ክፍሎችን እንደ ወንፊት ከብቦ ይቀራል። ጥንካሬው በአብዛኛው ከዚያ ወንፊት ነው። ቺፑም (ሲቆረጥ የሚወጣው ፍቅፋቂ) ተሰብሮ የሚወጣው ለዚህ ነው። 300 ዲግሪ ላይ ወንፊቱ ይበጣጠስና ሲሊከኑ ለየብቻው ፍሬ ፍሬ ይሆናል፤ በመሃል ያለው አልሙኒየም የሚይዘው ስለሌለ ይለሰልሳል፣ ሲቆረጥም ከመሰበር ይልቅ ይሳባል፣ ይለጠፋል። ግን ያው ሙቀት ነው ውስጡ የታመቀውን ውጥረት ያወጣልህ። ስለዚህ ማስሞቁን እንዳትተወው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ዕቃው ውስጥ ቦይ ካለ፣ ያልታተመ ዱቄት ሊኖርበት ይችላል። በኮምፕረሰር እንዳትነፋው! አየር ላይ የተበተነ የአልሙኒየም ዱቄት በአንድ ፍንጣሪ ይፈነዳል።

መቁረጫውን ቀይር። ያልተቀባ፣ የተወለወለ፣ ስለታም ባለ 2 ወይም ባለ 3 ስለት የካርባይድ (በጣም ጠንካራ የመቁረጫ ቁስ) መቁረጫ ግዛ። ለብረት ተብሎ የተቀባውን ርካሽ ጥቁር ኢንድ ሚል (የፍሬዛ መቁረጫ) ሁሉም ይሸጥልሃል፤ ቅቡ ራሱ ብዙ ጊዜ አልሙኒየም ስላለበት ይበልጥ ይለጠፋል። ፍጥነቱን ጨምር፣ ኩላንቱን (የማቀዝቀዣውን ፈሳሽ) አትሰስት። ለጥርሱ ቺፕ የማያወጣውን፣ ተጭኖ የሚቀርጸውን ታፕ ተጠቀም፤ ለስላሳ ዕቃ ይወደዋል። ለኤም 6 (6 ሚሊሜትር) ብሎን ቀዳዳው 5 ሳይሆን 5.5 ሚሊሜትር አካባቢ ይሁን።

የተጣመመውን የመጀመሪያውን ዕቃ በጋዝ እሳት አሙቀው በመዶሻ ያቀኑት ሰዎች አበላሽተውታል። አንዱ ጋ ለስላሳ ሌላው ጋ ጠንካራ ሆኗል፤ ጊዜህን አታጥፋበት። ጥንካሬ የግድ ከሆነ ሙሉው ሕክምና አለ፦ 530 ዲግሪ አካባቢ አሙቆ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ከዚያ 160 አካባቢ ላይ ለሰዓታት ማቆየት። ግን ሲነከር ቀጭን ግድግዳ ይጣመማል። ስለዚህ ትርፍ ትተህ ቁረጥ፣ አስሞቅ፣ ከዚያ ጨርስ። ሲሊከኑ ስለሚተልቅ ስለቱን ቶሎ ይበላዋል።

ዱቄቱን ደግሜ እላለሁ፦ ከማስሞቅህ በፊት አራግፈህ አውጣው። እሳት ከተነሳም ውሃ አታፍስበት፤ ደረቅ አሸዋ አጠገብህ ይኑር።