ይጠይቁን፦ ለአንድ ሴሚስተር ወደ ጀርመን

የዚህ እትም ጥያቄዎች ኢራስመስ ፕላስ በተባለው የአውሮፓ ኅብረት የልውውጥ ፕሮግራም ወደ ጀርመን ዩኒቨርሲቲ ሊሄዱ ከተዘጋጁ ተማሪዎችና ከወላጆቻቸው የመጡ ናቸው። የልውውጥ ተማሪ ዲግሪውን የሚቀበለው እዚሁ ነው፤ ውጭ የተወሰኑ ኮርሶችን ወስዶ ይመለሳል። ለሙሉ ዲግሪ የሄደ ሰው የነገራቸውን ይዘው የሚደክሙ ስለበዙ ነው ይህን ማስታወሳችን።

ጥያቄ፦ ጅማ የምማር የ3ኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። መመረጤን የሚገልጽ ኢሜይል ደርሶኛል፤ ትምህርቱ በጥቅምት ይጀምራል። ኮርሶቹ ይያዙልኝ እንደሆነ ዲፓርትመንቴን ብጠይቅ «ስትመለስ እናየዋለን» አሉኝ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ የመቀበያ ደብዳቤው እጅህ እንደገባ በዚያው ቀን የቪዛ ቀጠሮ ያዝ፤ ወረፋው ረጅም ነው። ከዚያ ወደ ዲፓርትመንትህ ተመለስ። «ስትመለስ እናየዋለን» በሚል ቃል አውሮፕላን አትሳፈር።

ዋናው ሰነድ ለርኒንግ አግሪመንት ይባላል። ሦስት ፊርማ ያርፍበታል፦ ያንተ፣ የዩኒቨርሲቲህና የተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ። አንደኛው ሠንጠረዥ ጀርመን የምትወስዳቸውን ኮርሶች ይዘረዝራል፤ ሁለተኛው በእነሱ ምትክ እዚህ የሚያዙልህን። ብዙ ተማሪ አንደኛውን በጥንቃቄ ሞልቶ ሁለተኛውን በደፈናው ያልፈዋል። ስትመለስ ጭቅጭቅ የሚያመጣው ግን ሁለተኛው ነው።

በዚያ ሴሚስተር ክፍልህ የሚወስዳቸውን ኮርሶች ዝርዝር ከነመግለጫቸው ከዲፓርትመንት ውሰድ። የተቀባዩን ዩኒቨርሲቲ የኮርስ ካታሎግ አውርደህ ጎን ለጎን አስቀምጣቸውና በርዕስ ሳይሆን በይዘት አመሳስላቸው። በአውሮፓ የኮርስ ክብደት የሚለካው ኢሲቲኤስ በሚባል ክሬዲት ሲሆን የአንድ ሴሚስተር ሙሉ ጭነት 30 ኢሲቲኤስ ነው። አንዱ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ስለሆነ ባለ 5 ወይም ባለ 6 ኢሲቲኤስ ኮርሶችን ብትመርጥ አምስት ወይም ስድስት ኮርስ ይሆንልሃል። ሁለት ተጠባባቂ ኮርሶችም ያዝ፤ አንዱ ኮርስ በዚያ ሴሚስተር ላይሰጥ ወይም በጀርመንኛ ብቻ ሊሰጥ ይችላል። እዚያ ደርሰህ ኮርስ ከቀየርክ የለውጥ ቅጹን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሦስቱም ወገኖች ይፈርሙበት። የዲፓርትመንት ኃላፊው በቴሌግራም «ችግር የለም» ቢልህ፣ ኃላፊው ሲቀየር ቃሉም አብሮ ይሄዳል።

ሬጅስትራር ደግሞ የልውውጥ ተማሪ መሆንህንና ተማሪነትህ የማይቋረጥ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲጽፍልህ አድርግ፤ ቅጂው በፋይልህ ይግባ። ይህ ካልተደረገ ሳይመዘገብ የቀረ ወይም ያቋረጠ ተማሪ ተብለህ እንደገና ለመግባት ማመልከቻ ትጽፋለህ። በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥና ለቀጣዩ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ የሆነ ኮርስ በዚያ ሴሚስተር ካለ፣ ምትክ ሳታገኝለት ፕሮግራሙን አትቀበል፤ ከባችህ አንድ ዓመት ሙሉ ትቀራለህ። ተመራቂ የሆኑ አንባቢዎች በበኩላቸው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው ብሔራዊ የመውጫ ፈተና ከልውውጡ ጊዜ ጋር እንዳይጋጭባቸው ያጣሩ።

ውጤት ላይም ወጥመድ አለ። በጀርመን ከፍተኛው 1.0፣ ዝቅተኛው ማለፊያ 4.0 ነው፤ 5.0 መውደቅ ነው። 1.3 ይዘህ ብትመጣ እዚያ እጅግ ጥሩ ነጥብ ነው፤ ከ4.0 ለሚቆጥር የሬጅስትራር ሠራተኛ ግን የወደቀ ይመስላል። ስለዚህ የውጤት አሰጣጡ ማብራሪያ ከትራንስክሪፕቱ ጋር ተያይዞ እንዲላክ ጠይቅ። ያንተን ነጥብ እነሱ የሚቀይሩት ደግሞ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ 3.4 ካለህ ከ4.0 ላይ ይቀነሳል፣ 0.6፤ በከፍተኛውና በማለፊያው (በ4.0 እና በ2.0) ልዩነት ይካፈላል፣ 0.3፤ በ3 ተባዝቶ 1 ይጨመርበታል፣ 1.9። ጥሩ ነጥብ ነው፤ አትደንግጥ።

ጥያቄ፦ የስኮላርሺፕ ደብዳቤዬ በወር 900 ዩሮ ይላል። ለቪዛ የግድ ብሎክድ አካውንት መክፈት አለብሽ የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው? ገንዘቡስ ይበቃኛል? (ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ብሎክድ አካውንት፣ ማለትም ገንዘቡ ቀድሞ ገብቶ በየወሩ የተወሰነው ብቻ የሚወጣበት ሒሳብ፣ የገንዘብ አቅም ማሳያ አንዱ መንገድ እንጂ ብቸኛው አይደለም፤ የስኮላርሺፕ ደብዳቤም ማሳያ ነው። ቁም ነገሩ መጠኑ ላይ ነው። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ ለተማሪ ቪዛ የምትጠይቀው በወር 992 ዩሮ፣ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው። ያንቺ ደብዳቤ 900 ስለሚል በወር 92 ዩሮ ይጎድላል፤ ለአምስት ወር 460 ዩሮ ማለት ነው። ትንሽ ቢመስልም ማመልከቻን ሊያዘገይ ይችላል። የጎደለው በምን እንደሚሸፈን ከቀጠሮው በፊት አስጨርሺ፦ ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ዶርሙን ወይም ኢንሹራንሱን የሚሸፍን ከሆነ በደብዳቤ ይግለጽ፤ ካልሆነ ለልዩነቱ ብቻ አካውንት መክፈት ይቻል እንደሆነ ኤምባሲውን ጠይቂ። ጀርመን የሚኖር ዘመድ ካለሽም እዚያው በውጭ ዜጎች ቢሮ ቀርቦ የወጪ ኃላፊነት ሊፈርምልሽ ይችላል። ደብዳቤሽ ላይ ወርሃዊ መጠኑ፣ የሚከፈልበት ጊዜ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ከፋዩ ማን እንደሆነና የትምህርት ክፍያ እንደሌለብሽ አራቱም መኖራቸውን አረጋግጪ። መደበኛው የቪዛ ክፍያ 75 ዩሮ ነው።

ይበቃኛል ወይ ላልሽው፣ ቆጥበው ለሚኖሩበት ይበቃል። ከ30 ዓመት በታች ላለ ተማሪ የሕዝብ የጤና ኢንሹራንስ ብቻ በወር ከ140 ዩሮ በላይ ነው፤ የጉዞ ኢንሹራንስ ይዞ መመዝገብ ደግሞ አይቻልም። የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ወር ነው። የስኮላርሺፑ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የጀርመን የባንክ አካውንት ይጠብቃል፤ ባንኩ የአድራሻ ምዝገባ ወረቀት ይጠይቃል፤ ምዝገባው ደግሞ አከራይሽ የፈረመበት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ይህ ሰንሰለት እስኪያልቅ ሳምንታት ያልፋሉ፤ የቤት ኪራይ፣ የዶርም ማስያዣና የሴሚስተር መዋጮ ግን አይጠብቁሽም። ከ1,200 እስከ 1,500 ዩሮ ይዘሽ ብትሄጂ ይሻላል። ባንክ የውጭ ምንዛሪ የሚሸጥልሽ ቪዛ የተመታበት ፓስፖርትና ትኬት ስታቀርቢ ስለሆነ ቪዛው እንደወጣ ወደ ባንክሽ ሂጂ፤ ደረሰኙንም እስከ ቦሌ ከፓስፖርትሽ ጋር ያዢው።

ጥያቄ፦ የልጄ ስም በፓስፖርቷ፣ በትራንስክሪፕቷና በልደት የምስክር ወረቀቷ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የተለያየ አጻጻፍ አለው። የልደት ቀኗም በአንዱ ሰነድ በአንድ ቀን ይለያል። ያስቸግራታል? (አባት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አዎ፣ ቢያስተካክሉት ይሻላል፤ ጊዜም አለዎት። ሌላው ሰነድ ሁሉ ወደ ፓስፖርቱ ይጠጋ እንጂ ፓስፖርቱ ወደ ሌላው አይጠጋ። ትራንስክሪፕቱን ሬጅስትራር በፓስፖርቱ አጻጻፍ እንዲያወጣው ያመልክቱ። የማይታረም ሰነድ ካለ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ቃለ መሐላ በሰነዶች ማረጋገጫ ይያዝና ይተርጎም። የመቀበያ ደብዳቤውና የአውሮፕላን ትኬቱም የልጅዎን፣ የእርስዎንና የአያቷን ስም በፓስፖርቱ ቅደም ተከተል ይጻፉ።

የቀኑ ልዩነት መነሻው የዘመን መለወጫችን ሳይሆን አይቀርም። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 አይደለም፤ ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ በሚገባው ዘመነ ዮሐንስ ሴፕቴምበር 12 ይሆናል፤ ልዩነቱም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። ጥር 10 ቀን 1996 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ትክክለኛ ቀኗ ጃንዋሪ 19፣ 2004 ነው፤ በልማድ የሚያሰላ ሠራተኛ ግን 18 ብሎ ይጽፈዋል። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን የተሳሳተው ቢሆንም እንኳ ጉዞው ሲቃረብ ፓስፖርት ለማሳረም አይጣደፉ፤ ሌሎቹን ከእሱ ጋር ያስማሙ። ትራንስክሪፕቱ ላይም «2016» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ዓመት ካለ በአውሮፓ አቆጣጠር ይተካ፤ ጀርመን ያለ ሰው ሲያየው ልጅዎ በሕፃንነቷ ዩኒቨርሲቲ የገባች ይመስለዋል።

ሳትሄድ ውክልና ትስጥዎ። ከሬጅስትራር ወረቀት ለማውጣትም ሆነ የባንክ ጉዳይ ለመፈጸም ያስፈልግዎታል። ከሄደች በኋላ ውክልና መላክ የምትችለው በበርሊኑ ኤምባሲ ወይም በፍራንክፈርቱ ቆንስላ በኩል ነው፤ ወረቀቱ እዚህ እስኪደርስም ጊዜ ይፈጃል።

ጥያቄ፦ እናቴ ቅቤና ቋንጣ እያዘጋጀች ነው። ይገባል?

መልስ፦ አይገባም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት አይችልም፤ የነጠረ ቅቤም ቢሆን ያው ነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣና የጤፍ ዱቄት ታሽገው ስማቸው ተጽፎባቸው ይግቡ። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ጫት በጀርመን የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የተከለከለ ስለሆነ የሰው አደራ እንኳ ቢሆን አትቀበሉ።

ጥያቄ፦ ከደረስኩ በኋላ የማይታለፉት ነገሮች የትኞቹ ናቸው? (ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቤት ከገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻሽን አስመዝግቢ። ቪዛሽ ከሴሚስተሩ መጨረሻ በፊት የሚያበቃ ከሆነ፣ ቀኑ ሳያልፍ በውጭ ዜጎች ቢሮ የመኖሪያ ፈቃድ አመልክቺ፤ ካለፈ በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው።

የእኛን ተማሪዎች ደጋግሞ የሚያሳስተው ግን የፈተና ምዝገባ ነው። በብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ለኮርስ መመዝገብና ለፈተና መመዝገብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሴሚስተሩን ሙሉ ክፍል ገብተሽ በኢንተርኔት ለፈተናው ሳትመዘገቢ ቀነ ገደቡ ካለፈ መፈተን ላትችይ ትችያለሽ፤ ኮርሱም አይያዝልሽም። ቀነ ገደቡን በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቀሽ ያዢ። እዚህ እንደለመድሽው አሳይመንትና ኩዊዝ እየተጠራቀመ አይመጣም፤ ብዙ ኮርስ መቶ በመቶ የሚለካው በአንድ የመጨረሻ ፈተና ነው። መርሐ ግብሩ ላይ «10 ሲ.ቲ.» የሚል ካየሽ ክፍሉ የሚጀምረው በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከሩብ ነው፤ «ኤስ.ቲ.» ካለ ግን ልክ በ4 ሰዓት።

በጥቅምት የሚጀምረው ሴሚስተር (እነሱ የክረምት የሚሉት) ክፍል በፌብሩዋሪ አጋማሽ ያልቃል፤ ፈተናዎች ግን ከዚያም በኋላ ሊኖሩ ይችላሉ። የመመለሻ ትኬትሽን ቀኑ የሚቀየር አድርገሽ ቁረጪ፤ እዚህ ሁለተኛው ሴሚስተር ቀድሞ ከጀመረ ዘግይተሽ እንድትመዘገቢ ከመሄድሽ በፊት በጽሑፍ ፈቃድ አስይዢ።