መልስ፦ የቅዱስ ኬነልም ገድል ውስጥ እንግሊዛዊነቱ የቱ ጋ ነው?

«ቅዱሱ የሁሉም ክርስቲያን ከሆነ እንግሊዛዊነቱን በምን ላሳይ?» ላልኸው፦ በደብዳቤው አሳይ። «ሳውዝ ኢንግሊሽ ሌጀንደሪ» በሚባለው በእንግሊዝኛ ግጥም የተጻፈ የቅዱሳን ገድል ስብስብ ውስጥ ያለውን የኬነልምን ገድል እንደገና ክፈትና ነጯ ርግብ ሮም የምትደርስበትን ቦታ አንብብ።

በገድሉ መሠረት፣ ከጥንቶቹ የእንግሊዝ መንግሥታት አንዷ የሆነችው የመርሲያ ሕፃን ንጉሥ ኬነልም በእህቱ ተንኮል ተገድሎ ክሌንት በሚባል ስፍራ እሾህ ሥር ተቀብሯል። ርግቢቱ በወርቅ ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ ቅዱስ ጴጥሮስ መሠዊያ ላይ ትጥላለች። የሮማው ጳጳስ ግን ማንበብ አቃታቸው፤ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነዋ! ምሥጢሩን የፈቱት ሮም የተገኙ እንግሊዛውያን ናቸው። ግጥሙ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሲገጠም የቤተ ክህነቱ ቋንቋ ላቲን፣ የመኳንንቱ ደግሞ ፈረንሳይኛ ነበር። ሰማይ የተራውን ሕዝብ ቋንቋ መረጠ ማለት ነው፤ ክርክርህን እዚህ ላይ ትከል።

ስለ ጥንቶቹ የእንግሊዝ መንግሥታት ወሰን የሚዘረዝረውንም ክፍል አትዝለለው። ያሰለቻል፣ ግን ቅዱሱን ከአፈሩ ጋር የሚያስረው እሱ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ገድሉን እንደ ዜና መዋዕል ቆጥሬ ጽፌ፣ ወረቀቴ በቀይ ቀለም ተዥጎርጉሮ ተመለሰልኝ። ገድሉ ኬነልም አባቱ ሲሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበር ይላል። አባቱ ኮንውልፍ የሞተው እ.ኤ.አ. በ821 ነው፤ የኬነልም ስም ግን እስከ 811 ባሉ የርስት ሰነዶች ላይ ከምስክሮች ጋር ሰፍሮ ይገኛል። ሳይወለድ ፈረመ ልትል ነው? ግጥሙን ስለ 13ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ጠይቀው እንጂ ስለ 9ኛው አትጠይቀው።