የድቮርዣክ «አሜሪካዊ» ኳርቴት፦ ጠይቁ፣ መምህር ይመልሳሉ

መምህር፦ የዛሬው ስለ አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ የቼኩ አቀናባሪ ድቮርዣክ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የጻፈው ኳርቴት፣ ኤፍ ሜጀር፣ ኦፐስ (የሥራ ቁጥር) 96። ኖታውን ከፊታችሁ አድርጉ። «እዚያ መሀል ላይ ያለችው ቆንጆ ቦታ» ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም።

ባለክራሩ፦ መምህር፣ የመጀመሪያው ዜማ ትዝታ ነው አይደል?

መምህር፦ ድምፆቹ አንድ ናቸው፦ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ፣ ዲ። ትዝታ ሜጀርን ከኤፍ ብትቃኘው የምታገኘው እነዚህኑ ነው። ግን አምስት ድምፅ ስለተገጣጠመ ቅኝት አይሆንም። ዜማው የት ያርፋል፣ እንዴት ይመለሳል፣ በምን ያጌጣል፤ ቅኝት እሱ ነው። ስለዚህ ቪዮላው ላይ የማሲንቆ መንሸራተት አትጨምሩ።

ቪዮላዋ፦ መግቢያው ላይ ድምፄ አይሰማም። ጠንከር አድርጌ ብጫወት ይሻላል?

መምህር፦ አይሻልም። መጀመሪያ ቫዮሊኖቹን ዝም አሰኚልኝ። ዜማው በሦስተኛው ባር (የኖታው ምት ክፍልፋይ) ባንቺ ይጀምራል፤ ቼሎው ከታች ኤፍን ይዟል፣ ቫዮሊኖቹ ከላይ በአሥራ ስድስተኛ ኖት ይርገበገባሉ። ለ12 ባር ያህል ሃርሞኒው ከኤፍ ሜጀር ንቅንቅ አይልም። ኮርዱ (አብረው የሚሰሙት ድምፆች) ስለማይለወጥ አድማጭ የሚከተለው ዜማሽንና የድምፁን ቀለም ብቻ ነው። ቫዮሊኖቹ ትንሽ ከጎሉ ግን ድምፃቸው ካንቺ ጋር ስለሚቀራረብ ይውጡሻል። ከቦው (ከመጫወቻው ቀስት) ጫፍ አጠገብ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር ብቻ ተጠቅመው፣ ወደ ጣት ሰሌዳው ጠጋ ብለው፣ ፒያኒሲሞ፣ ማለት እጅግ ለስለስ አድርገው ይጫወቱ። አንቺ ደግሞ በተቃራኒው ክሮቹን ወደ ተሸከመው ብሪጅ ቅረቢ፣ የቦውሽን ፍጥነት ቀንሺ፣ ክብደቱን ከክንድሽ አምጪ። ጣትሽን ብቻ ብትጫኚ ድምፁ ይታነቃል።

ዜማውን ለቪዮላ የሰጠው ያለ ነገር አይደለም። ድቮርዣክ ራሱ በፕራግ የቴአትር ኦርኬስትራ ውስጥ ለዓመታት ቪዮላ ተጫውቷል። የሌላው የቼክ አቀናባሪ የስሜታና ኢ ማይነር ኳርቴት እ.ኤ.አ. በ1878 በግል ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ቪዮላውን የያዘው እሱ ነበር፤ ያም ሥራ በቪዮላ ዜማ ነው የሚከፈተው። መሣሪያውን ከውስጥ ያውቀዋል።

ጀማሪ፦ ሥራው ለምን ደስ ይላል?

መምህር፦ ቀጣይ።

ሁለተኛ ቫዮሊን፦ ባቡር ነው ይባላል፣ መጨረሻው ክፍል። እውነት ነው?

መምህር፦ ባቡር ይወድ ነበር፤ ኖታው ላይ ግን ባቡር የሚል ነገር የለም። አንተ ሪትሙን ያዝ። በዝግታ ጀምር፤ በሜትሮኖም ኳርተር ኖቱን 80 ላይ አድርግና ሲጠራ ብቻ በአራት በአራት ጨምር። የሚበላሸው አጫጭሮቹ ኖቶች ሲጣደፉ ነው።

ቼሎ፦ አሜሪካዊ መባሉ ራሱ ስህተት ነው። ሰውዬው ቼክ ነው፣ የጻፈውም በቼክ ስደተኞች መንደር ነው።

ባለክራሩ፦ መንደሯ ስፒልቪል ያለችው አዮዋ አይደል? አዮዋ የት ነው ታዲያ፣ የቼኮች አገር ቦሂሚያ?

ቼሎ፦ ቦታው ሌላ፣ ሙዚቃው ሌላ፣ ወንድሜ። አምስት ድምፅማ በአውሮፓ ገበሬ ዘፈንም ሞልቷል።

መምህር፦ ሁለታችሁም ተዉት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1893 ለእረፍት ሄዶ ንድፉን በሦስት ቀን ጨረሰ፤ ሙሉውን ደግሞ ሰኔ 23። በጥር 1 ቀን 1894 የክናይዝል ኳርቴት ቦስተን ላይ አቀረበው። የጥቁር አሜሪካውያንን መንፈሳዊ መዝሙር፣ ይመራው በነበረው የኒው ዮርክ ኮንሰርቫቶሪ (የሙዚቃ ትምህርት ቤት) ይማር ከነበረው ከሃሪ በርሊ ሰምቷል፤ የቦሂሚያውን ጭፈራ ደግሞ ከልጅነቱ ይዞታል። ሁለቱን በመጋዝ ቆርጦ መለየት አይቻልም።

ዘሪቱ፦ ስለ ሁለተኛው ክፍል ይንገሩን።

መምህር፦ ስለ ምኑ? እሺ፣ ሌንቶው፣ ማለት ዝግተኛው ክፍል፣ ዲ ማይነር ነው፣ በ6/8። ዜማው ከአንደኛ ቫዮሊን ወደ ቼሎ ይሄዳል፤ ሁለተኛ ቫዮሊንና ቪዮላ ሥራቸው እንደ ማዕበል የሚሄደውን አጀብ ሳያቋርጡ መግፋት ነው። ጥፋቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ዜማው ሲያዝን አጃቢዎቹ አብረው ያዝናሉ፣ ፍጥነቱም ይሞታል። በስድስት ሳይሆን በሁለት ቁጠሩ። አጃቢ አያልቅስ። ደግሞም፣ አሁንም እላለሁ፣ ፒያኒሲሞ!

አንደኛ ቫዮሊን፦ ሦስተኛው ክፍል ላይ ድምፁ በዜማ የተቀዳው ወፍ ምን ዓይነት ነው?

መምህር፦ ስካርሌት ታናጀር ሲባል ኖሯል፤ ቀይ ዐይን ቪሬዮ ነው የሚሉም አሉ። ላንተ የሚጠቅምህ ባር 21 ላይ ከፍ ብሎ የሚመጣ መሆኑ ነው። እጅህን ቀድመህ እላይ አድርስ፤ ኖቱ ሲደርስ ከዘለልክ ትስታለህ። ቪብራቶም (ድምፁን በጣት ማርገብገብ) አታብዛበት፣ ወፍ ነው፣ ኦፔራ ዘፋኝ አይደለም። የኤፍ ማይነሩ መካከለኛ ክፍል አዲስ ዜማ እንዳይመስልህ፤ የፊተኛው ዜማ ነው፣ ተዘርግቶ።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ ዘግይቼ ነው፤ መጀመሪያው ትዝታ ነው እንዴ?

መምህር፦ ከላይ አንብብ።

ቪዮላዋ፦ ቫዮሊኖቹን ነገርኳቸው። «እኛ ፒያኒሲሞ ነን» አሉ።

መምህር፦ አንቺ ዝም በይና ሁለቱ ከቼሎው ጋር ብቻ ይጫወቱ። ከክፍሉ ጥግ ሆነሽ እያንዳንዱ ኖት ጥርት ብሎ ከተሰማሽ ገና ጮክ ብለዋል።