«ሜክ» ስህተት ላወጣባቸው መምህር፦ ዝርዝሩን ከላይ ይጀምሩት

ሰላም መምህር። ሌሎችም እንዲከታተሉት ጥያቄዎን ባጭሩ ልድገመው። ለትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል የዩኤስቢ ዋይፋይ መቀበያዎች ገዝተዋል፤ ቺፓቸው የሪልቴክ 8812ኤዩ ነው ብለዋል። ኮምፒውተሮቹ ላይ ኡቡንቱ 22.04 የተባለው የሊኑክስ ሲስተም ተጭኗል፤ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) 6.8 ነው። አብሮ በመጣው ሲዲ ላይ ያለውን የድራይቨር (መቀበያውን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ምንጭ ኮድ ኮምፓይል ለማድረግ፣ ማለትም ወደሚሠራ ፕሮግራም ለመቀየር፣ ግንባታውን የሚመራውን «ሜክ» የተባለ ትእዛዝ ሲያስኬዱ ስክሪኑ በስህተት ይሞላና «ኤረር 2» ብሎ ይቆማል። የለጠፉልን የመጨረሻዎቹን ሦስት መስመሮች ነው።

እነዚያ ሦስት መስመሮች ምንም አይነግሩንም። «ኤረር 2» ማለት «ሜክ» ያሰማራው አንድ ሥራ ከሸፈ ማለት ብቻ ነው። ለምን እንደከሸፈ የተጻፈው ከላይ፣ «ኤረር» የሚለው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በታየበት ቦታ ነው። ከእሱ በኋላ የሚዘረገፉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከእሱ የተወለዱ ናቸው፤ እሱ ሲስተካከል አብረው ይጠፋሉ። ከዚህ ሥራ አንድ ነገር ብቻ አስተምር ብባል የማስተምረው ይህንን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «ሜክ ክሊን» ብለው የቀድሞውን ቅሪት ያጽዱ። ከዚያ እንደገና ሲያስኬዱት ሥራውን ለብዙ ፕሮሰሰር የሚያከፋፍለውን «ሰረዝ ጄ» አይጨምሩበት፤ የስህተት መስመሮቹ እርስ በርስ ይደበላለቃሉና። ውጤቱን በሙሉ ወደ አንድ የጽሑፍ ፋይል ይላኩት፤ ከፋይሉ ስም ቀጥሎ 2>&1 ማከል አይርሱ፤ ያለዚያ ስህተቶቹ ፋይሉ ውስጥ አይገቡም።

የመጀመሪያው ስህተት «ሊብ ሞጁልስ» ከሚለው ፎልደር ሥር «ቢልድ» የሚባለውን አጣሁት የሚል ከሆነ ኮዱ ገና አልተነካም። ድራይቨር ብቻውን ኮምፓይል አይደረግም፤ የሚሠራበትን ከርነል የሄደር ፋይሎች፣ ማለትም የከርነሉን የውስጥ ፈንክሽኖች የሚያስተዋውቁትን፣ ይፈልጋል። «ዩኔም ሰረዝ አር» ብለው የከርነሉን ሙሉ ስሪት ያንብቡ፤ የሚጭኑት የሊኑክስ ሄደርስ ጥቅል ከዚያ ጋር እስከ መጨረሻው አሃዝ መመሳሰል አለበት። ሲስተሙ አዲስ ከርነል አውርዶ ኮምፒውተሩ ገና ሪስታርት ያልተደረገበት ጊዜም አለ። ያን ጊዜ ሄደሩ የአዲሱ፣ እየሠራ ያለው ከርነል ግን አሮጌው ይሆናል፤ አንድ ሪስታርት ይበቃዋል።

22.04 ደግሞ የራሱ የሆነ ወጥመድ አለው። በ2022 ሲወጣ ከርነሉ 5.15፣ ኮምፓይለሩም (ኮዱን የሚተረጉመው ፕሮግራም) ጂሲሲ 11 ነበር። በኋላ በማሻሻያ የመጡት 6.5 እና 6.8 ከርነሎች የተሠሩት ግን በጂሲሲ 12 ነው። ጂሲሲ 12 አልተገኘም ወይም «ኤፍትሪቪያል» ብሎ የሚጀምረውን አማራጭ አላውቀውም የሚል ስህተት ካዩ ጂሲሲ 12ን ይጫኑና «ሜክ» በእሱ እንዲጠቀም በ«ሲሲ» ተለዋዋጭ ይንገሩት። ከርነሉ በየትኛው ኮምፓይለር እንደተሠራ «ፕሮክ» ውስጥ ባለው «ቨርዥን» ፋይል ላይ ተጽፏል።

የእርስዎን ግን እኔ የምጠረጥረው በሌላ ነው፦ ኮዱ አርጅቷል። የሊኑክስ ከርነል ለተራ ፕሮግራሞች የሚሰጠውን መገናኛ ላለማፍረስ እጅግ ይጠነቀቃል፤ ለውስጥ አሠራሩ ግን እንዲህ ያለ ቃል ገብቶ አያውቅም። ከርነሉ ውስጥ የገቡ ድራይቨሮች ለውጥ በመጣ ቁጥር አብረው ይታረማሉ፤ በሲዲ የሚዞረውን ግን የሚያስታውሰው የለም። ስለዚህ ስህተቱ ራሱ የኮዱን ዕድሜ ይናገራል። «ኢኒት ታይመር» የሚባል ፈንክሽን አላውቅም ካለ፣ ኮዱ ለ4.15 አልታደሰም፤ ይህም በ2018 መጀመሪያ የወጣ ከርነል ነው። «አክሰስ ኦኬ» ሦስት ነገር ተሰጠው፣ የሚቀበለው ግን ሁለት ነው ካለ፣ 5.0 ላይ አልደረሰም። «ፕሮክ ክሪኤት» አራተኛውን ግብዓት አልቀበልም ካለ የ5.6 ለውጥ ነው፤ «ጌት ኤፍኤስ» ጠፋ ካለ የ5.10፤ በትልልቅ ፊደል የተጻፈው «ፒዲኢ ዳታ» አልታወቀም ካለ ደግሞ የ5.17። ከእነዚህ ሁለት ሦስቱ አንድ ላይ ከታዩ ሲዲውን ይተዉት፤ ጊዜዎን አይገባውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎት። ፍለጋ ሲያደርጉ «ስህተቱን ወደ ማስጠንቀቂያ ቀይረው» ወይም «ያንን መስመር አጥፋው» የሚል ምክር ያጋጥምዎታል። አይቀበሉት። ኮምፓይለሩ ዝም ቢሰኝም የጠፋው ፈንክሽን ከርነሉ ውስጥ አይበቅልም። ወይ በመጨረሻው የማገናኛ ደረጃ «አንዲፋይንድ» ይልዎታል፣ ወይ ሞጁሉን (ኮምፓይል የተደረገውን ድራይቨር) ሲጭኑ «አንኖውን ሲምቦል» ብሎ ይመልስዎታል። መስመር ማጥፋት ደግሞ ከዚህም ይከፋል። ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት ራሱ ይዘጋል፤ ድራይቨር የሚሠራው ከርነሉ ውስጥ ስለሆነ ሲሳሳት ኮምፒውተሩን በሙሉ ያደርቀዋል፤ የተማሪዎቹም ሥራ አብሮ ይጠፋል።

ይልቅስ ምንጭ ኮድ በሚጋራበት በጊትሀብ ድረ ገጽ ላይ ፈቃደኞች ለአዳዲስ ከርነሎች የሚያድሱትን የ8812ኤዩ ኮድ ይፈልጉ። ብዙ ቅጂ ያገኛሉ። ሲመርጡ ስንት ሰው እንደወደደው አይዩ፤ የመጨረሻው እርማት መቼ እንደገባና 6.8ን እንደሚደግፍ መጻፉን ይዩ። ካወረዱት በኋላ ስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ የሌለው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡት፤ የከርነሉ የግንባታ ሥርዓት በፎልደር ስም መካከል ክፍተት አይወድም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ጭራሹን ኮምፓይል አለማድረግ ነው። ከርነል 6.14 የ8812ኤዩን ድራይቨር በውስጡ ይዟል፤ ኡቡንቱ 24.04ም በማሻሻያ ይህን ከርነል አግኝቷል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን አንዱን ኮምፒውተር ወደዚያ አሳድጌ መቀበያውን እሰካበትና አይ ነበር። ከሠራ ይህ ሁሉ ድካም ይቀራል። ከዚያ በፊት ግን የቺፑን ስም ያነበቡት ከካርቶኑ ነው ወይስ የተሰኩትን የዩኤስቢ ዕቃዎች ከሚዘረዝረው «ኤልኤስዩኤስቢ» ከሚለው ትእዛዝ? በአንድ ዓይነት ካርቶን የተለያየ ቺፕ ስለሚሸጥ ካርቶኑን አይመኑ። አንዳንዶቹ የሪልቴክ መቀበያዎች ደግሞ ሲሰኩ መጀመሪያ ራሳቸውን እንደ ዲስክ ያስተዋውቃሉ፤ በ«ኤልኤስዩኤስቢ» የሚታየው የመለያ ቁጥራቸው ሁለተኛ ክፍል 1ኤ2ቢ ከሆነ ችግሩ የድራይቨር ሳይሆን «ዩኤስቢ ሞድስዊች» የሚባለው ፕሮግራም ወደ ዋይፋይ እንዲቀይራቸው መፈለጉ ነው።

ኮምፒውተሮቹ በልገሳ የመጡ አሮጌዎች ከሆኑ ሰዓታቸውን ያረጋግጡ። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያየሁት ዴስክቶፕ መብራት በጠፋ ቁጥር ዓመታት ወደ ኋላ ይመለስ ነበር። «ሜክ» የቱ ፋይል እንደገና መሠራት እንዳለበት የሚወስነው በፋይሎቹ ሰዓት ነው፤ ያ ማሽን ላይ ግን ምንጭ ኮዱ «ከወደፊት» የመጣ ሆኖበት «ክሎክ ስኪው» እያለ ያስጠነቅቅ ነበር። ጥቅል ማውረጃውም የማከማቻው መረጃ ቀኑ ገና አልደረሰም ብሎ እምቢ አለ። መድኃኒቱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር2032 ባትሪ መለወጥ ነበር። መብራት በኮምፓይል መካከል ከጠፋብዎትም በግማሽ የተጻፉ ፋይሎች ይቀራሉና «ሜክ ክሊን» ይበሉ። ጥቅል ሲጭኑ ከሆነ የጠፋው፣ ጥቅል ጫኙ «ዲፒኬጂ» ራሱ የሚጠይቅዎትን የማስተካከያ ትእዛዝ ያስኪዱለት።

ኮምፓይሉ ተሳክቶ ሞጁሉ አልጫን ካለ ሁለት ነገር ይጠርጥሩ። መልእክቱ ስለ ቁልፍ የሚናገር ከሆነ «ሴኪዩር ቡት» (በታወቀ ቁልፍ ያልተፈረመ ኮድ የሚያግደው መከላከያ) በርቷል ማለት ነው። ወይ ባዮስ ውስጥ ገብተው ያጠፉታል፣ ወይ ሞጁሉ የተፈረመበትን ቁልፍ «ሞክዩቲል» በሚባለው ፕሮግራም ያስመዘግባሉ። ቁልፉን ካስመዘገቡ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ያወጣና ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ከፊቱ መቀመጥ ያስፈልጋል። መልእክቱ «ኢንቫሊድ ሞጁል ፎርማት» ከሆነ ደግሞ ሞጁሉ ለሌላ ከርነል የተሠራ ነው። አንዱ ላይ የሠሩትን በፍላሽ ወደ ሌሎቹ ለመቅዳት ካሰቡ ሁሉም ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ከርነል ሊኖራቸው ይገባል።

አንድ ጊዜ ከሠራልዎ በኋላ በእጅ ከመጫን ይልቅ በ«ዲኬኤምኤስ» ያስመዝግቡት። ያለዚያ ቀጣዩ የከርነል ማሻሻያ የመጣ ዕለት ዋይፋዩ ከክፍሉ ሁሉ ይጠፋል። «ዲኬኤምኤስ» አዲስ ከርነል በተጫነ ቁጥር ድራይቨሩን ራሱ እንደገና ይሠራዋል፤ ሲሳነውም ምክንያቱን «ቫር ሊብ ዲኬኤምኤስ» ሥር ባለው «ሜክ ዶት ሎግ» ፋይል ላይ ይጽፋል። እሱንም ሲያነቡ ከላይ ነው የሚጀምሩት።

ሄደሩንና ጂሲሲን ለማውረድ ኢንተርኔት ከሌለ የአንድሮይድ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ ያገናኙና ከስልኩ ቅንብር የዩኤስቢ ኢንተርኔት ማጋሪያውን ያብሩ፤ ኡቡንቱ እንደ ገመድ ኔትወርክ ያየዋል፣ ድራይቨር አይጠይቅም።

ሲመለሱ ሦስት ነገር ይለጥፉልን፦ የ«ዩኔም ሰረዝ አር» ውጤት፣ «ኤልኤስዩኤስቢ» ላይ መቀበያው የታየበት መስመር፣ እና የመጀመሪያው ስህተት ከበላዩ ካሉት ጥቂት መስመሮች ጋር። ጽሑፉን ይቅዱልን እንጂ የስክሪን ፎቶ አይላኩ፤ ከፎቶ ላይ ቀድቶ መፈለግ አይቻልም።