ፊልሙ ነው ወይስ አዳራሹ? ስለ ሰሞኑ ፊልሞች ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ስለ ሰሞኑ ፊልሞች ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። አንድ ነገር ላስቀድም። «ፊልሙ ጨለማ ነው»፣ «ንግግሩ አይሰማም»፣ «ምስሉ ተቆርጧል» ከማለታችሁ በፊት በየትኛው ከተማ፣ በምን ዓይነት አዳራሽና በምን ትኬት እንዳያችሁት ጻፉ። በፊልሙ ላይ የሚወረወረው ስድብ ብዙ ጊዜ የሚገባው ለአዳራሹ ነው። ስለ ተዋንያን ትዳርና ስለ ሽልማት ግምት ግን ሌላ አባል ይመልስላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ «ሲነርስ»ን አየሁት። ሙዚቃው ልብ ይነካል፣ ታሪኩም ጥሩ ነው። ነገር ግን ከላይም ከታችም ሰፊ ጥቁር ነበር፤ የስክሪኑን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው ያየሁት። አዳራሹ ትንሽ ነው፣ ስክሪኑ ከሌሎቹ ቁመቱ ይበልጣል፣ ትኬቱ ተራ ዲጂታል ነው። ምን ሆኖ ነው?

መላሽ፦ እንዲህ ተሟልቶ ሲጠየቅ መልሱም ይሟላል። ይህ ፊልም በ2025 ሲወጣ ከሁሉ በላይ ሊወራለት የሚገባው የምስሉ ቅርጽ ነበር። የተቀረጸው በሁለት ዓይነት ካሜራ ሲሆን ሁለቱም የሚጠቀሙት 65 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው። አንደኛው አልትራ ፓናቪዥን 70 ይባላል። ሌንሱ ምስሉን ወደ ጎን ጨምቆ ይቀርጻል፣ ሲታይ ይዘረጋል፤ ቁመቱ 1 ከሆነ ስፋቱ 2.76 ይሆናል። ሁለተኛው አይማክስ ነው። ፊልሙ በካሜራው ውስጥ አግድም ይሮጣል፣ አንዱ ምስል ብቻውን በፊልሙ ጠርዝ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች የ15ቱን ርዝመት ይይዛል፤ ቅርጹም 1.43 ለ 1 ነው፣ ቁመቱ የስፋቱን 70 በመቶ የሚደርስ። በዚህ ትልቅ የአይማክስ ፊልም አንድ ሙሉ የልብ ወለድ ፊልም በመቅረጽ የመጀመሪያዋ ሴት የካሜራ ባለሙያ ኦተም ዱራልድ አርካፓው ናት።

አሁን ወደ እርስዎ አዳራሽ እንምጣ። በአይማክስ አዳራሽ አንዳንድ ትዕይንቶች ሲደርሱ ምስሉ ወደ ላይና ወደ ታች ይከፈታል። በተራ አዳራሽ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 2.76 እንደሆነ ይቆያል። የተራ ሲኒማ ስክሪን ወይ 1.85 ነው ወይ 2.39። ሒሳቡን ሥሩት፦ 1.85ን ለ2.76 ብናካፍል 0.67 ነው፤ የስክሪኑ ሲሶ ጥቁር ይሆናል ማለት ነው። እርስዎ ያዩት ልክ ይህንን ነው። 2.39 በሆነው ስክሪን ላይ ቢያዩት ኖሮ የሚባክነው ከቁመቱ 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ቀድሞ ሲኒማ ቤቶች ይህን ትርፍ ቦታ በሚንቀሳቀስ ጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑት ነበር። አሁን ብዙዎቹ ጨርቁን ትተውታል። የፕሮጀክተር ጥቁር ደግሞ እውነተኛ ጥቁር ሳይሆን ግራጫ ነው፤ ዓይን የሚረብሸው እሱ ነው። ስለዚህ ለሰፊ ፊልም በዚያው ሲኒማ ቤት ውስጥ ካሉት አዳራሾች ሰፊ ስክሪን ያለውን ምረጡ፤ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ደውላችሁ «ስክሪኑ ስኮፕ ነው ወይስ ፍላት?» ብላችሁ ጠይቁ። ስኮፕ 2.39 ነው፣ ፍላት 1.85።

ከሰሜን ቨርጂኒያ፦ አይማክስ ብለው ብዙ አስከፍለውኝ ስክሪኑ ከተራው ብዙም አይለይም። ተታለልኩ?

መላሽ፦ ይህንን ደጋግሜ ጽፌዋለሁ፣ አሁንም እጽፈዋለሁ፦ አይማክስ የሚለውን ስም ብቻ አይታችሁ ትኬት አትግዙ። በአንድ ስም የሚሸጡት ነገሮች ይለያያሉ። አንዱ እውነተኛው የ70 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው (በ65 የተቀረጸው ለማሳያ ሲታተም 70 ይሆናል)። «ኦፐንሃይመር» በ2023 ሲወጣ በዚህ መልክ ያሳዩት አዳራሾች በዓለም ላይ 30 ነበሩ፤ የፊልሙ ጥቅል 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ 270 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሁለተኛው በሌዘር የሚሠራ ዲጂታል ሆኖ ሙሉ ቁመቱን 1.43 የሚያሳይ ነው። በገበያ አዳራሾች ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ሦስተኛውን ነው፤ 1.90 ለ 1። 1.90 እና 1.85 ጎረቤታሞች ናቸው። ስለዚህ ስክሪኑ ከተራው ብዙም አይለይም ማለትዎ ልክ ነው።

እርስዎ ያሉበት አካባቢ ግን የታደለ ነው። ሻንቲሊ፣ የስሚዝሶኒያን የአውሮፕላን ሙዚየም ባለበት በኡድቫር ሄዚ ማዕከል ውስጥ ያለው አዳራሽ ሙሉ ቁመት ያለው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ደግሞ የኤ ኤፍ አይ ሲልቨር ሲኒማ ባለ 5 ቀዳዳውን 70 ሚሊ ሜትር ፊልም ማሳየት ይችላል። ልብ በሉ፣ ትኬቱ ላይ «70 ሚሊ ሜትር» ብቻ ከተጻፈ አይማክስ ማለት አይደለም። 5 ቀዳዳውና 15 ቀዳዳው የየራሳቸው ፕሮጀክተር አላቸው።

ከአዲስ አበባ፦ ሰሞኑን ምን ጥሩ ፊልም አለ?

መላሽ፦ ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ በየት አዳራሽ? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ከደንቨር፦ እኔ ልጠይቅ። ከእናቴ ጋር ነው የምሄደው፣ እንግሊዝኛ አይሰሙም።

መላሽ፦ «ፍሎው»። የላትቪያ ሥራ ነው፣ አንድም ቃል ንግግር የለበትም፣ ከ90 ደቂቃ አይበልጥም። ጎርፍ የመጣባት ድመት ከሌሎች እንስሳት ጋር በጀልባ ትሄዳለች። ብሌንደር በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ተሠርቶ በ2025 የአኒሜሽን ኦስካር ወሰደ። ደግሞ ሲታይ ካገኛችሁ ድምፁ ጥሩ የሆነ አዳራሽ ፈልጉለት፤ ታሪኩን የሚነግረው ድምፁ ነው።

ሌላ አባል፦ ለድመት ካርቱን ሲኒማ ቤት መሄድ ምን ያስፈልጋል? ባለ 65 ኢንች ቴሌቪዥን እቤት አለ።

ሦስተኛ አባል፦ እናትን ይዞ መውጣትን ከቴሌቪዥን ጋር ታወዳድራለህ? የወጡበት ቀን ራሱ ደስታ ነው።

ሌላ አባል፦ ስለ እናት አላወራሁም፣ ስለ ምስሉ ነው ያወራሁት። ጥራቱ ቤት ይሻላል።

መላሽ፦ ስለ ምስሉ ከሆነ ቁጥሩ ይኸው። ምስሉ ከዓይናችን እይታ ወደ 36 ዲግሪ ገደማ ሲሞላ ነው ውስጡ የገባን የሚመስለን። ለዚያ መቀመጥ ያለብን ከስክሪኑ ስፋት 1.5 እጥፍ ገደማ ርቀን ነው። የ65 ኢንች ቴሌቪዥን ስፋቱ 1.44 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ሶፋው ከ2 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር መራቅ የለበትም። የብዙ ሰው ሳሎን ውስጥ ሶፋው ያለው ግድግዳው ሥር ነው፣ 4 ሜትር ርቆ። በሲኒማ ቤት ከስክሪኑ ወደ ኋላ ሁለት ሦስተኛው ላይ፣ መሃል ረድፉ ላይ ተቀመጡ። ድምፁ የሚስተካከለውም ለዚያ አካባቢ ነው። ክርክሩ እዚህ ላይ ይብቃ።

ከአትላንታ፦ «ኦፐንሃይመር»ን ስናይ ንግግሩ ከሙዚቃው ሥር ጠፋ። የዳይሬክተሩ ጥፋት ነው ይባላል።

መላሽ፦ ክሪስቶፈር ኖላን ተዋንያኑ ቀረጻ ላይ የተናገሩትን መያዝ ይመርጣል፣ በስቱዲዮ እንደገና አያስነብባቸውም፤ ስለዚህ ከፊሉ ምርጫው ነው። ከፊሉ ግን የአዳራሹ ነው። በሲኒማ ንግግር የሚወጣው ከስክሪኑ ጀርባ ካለው የመሃል ስፒከር ነው። እሱ ከደከመ ወይም ከተበላሸ ሙዚቃው ከጎን ይጮሃል፣ ሰው ግን ከጉድጓድ የሚያወራ ይመስላል። ትሬለሩ ሲታይ ፈትሹ፦ የሰው ድምፅ ከመሃል ጥርት ብሎ ካልመጣ ያኔውኑ ወጥታችሁ ለኃላፊው «የመሃል ስፒከሩን እዩልን» በሉ። ፊልሙ ካለቀ በኋላ መናገር ምንም አያደርግም። ሌላው ችግር፣ የፊልሙ ድምፅ ስቱዲዮ ውስጥ የሚቀላቀለው የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው 7 ላይ ሆኖ ነው፤ ተመልካች ጮኸብን ሲል ሲኒማ ቤቶች ወደ 5 ያወርዱታል፣ ሹክሹክታው አብሮ ይሞታል።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ፦ ዲጂታል ሲኒማ ቤቶች የንግግሩን ጽሑፍ የሚያሳይ መሣሪያ እንዲያቀርቡ ሕጉ ያስገድዳቸዋል። ትኬት መቁረጫው ጋ ጠይቁ፣ በነፃ ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው በጣም ይጠቅማል፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ከዳላስ፦ አዲሱ አቫታር ጨለማ ነው። ገንዘባችሁን አታጥፉ።

መላሽ፦ የት አዳራሽ? በስሪዲ ወይስ ያለ መነጽር? መጀመሪያ ላይ ምን ብዬ ነበር?

ከዳላስ፦ ያለ መነጽር፣ ተራ ትኬት።

መላሽ፦ እንግዲያው አዳራሹን ጠርጥሩ። የተራ ፊልም ብርሃን መለኪያው 14 ፉት ላምበርት ነው፤ በስሪዲ ከዚያ ሲሶው ወይም ግማሹ ነው የሚደርሳችሁ። አንዳንድ ፕሮጀክተሮች ላይ የስሪዲው ሌንስ ለተራ ፊልም መነሣት ሲገባው ሠራተኛው እንደተገጠመ ይተወዋል፣ ብርሃኑም አብሮ ይቀንሳል። ማወቂያው ቀላል ነው፦ ዘወር ብላችሁ የፕሮጀክተሩን መስኮት እዩ። አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡ ሁለት ጨረሮች ካያችሁ ሌንሱ አልተነሣም። ውጡና ንገሩ፣ ካልተስተካከለም ትኬታችሁን መልሱ። በ3 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ፊልም ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ አይገባም።

ከፊላደልፊያ፦ «ብሩታሊስት» 3 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው አሉ። እንዴት ይቻላል?

መላሽ፦ 15 ደቂቃው እረፍት ነው፣ የፊልሙ አካል ሆኖ ስክሪኑ ላይ ይቆጠራል።

ከሪያድ፦ እዚህ የምናየው ፊልም ተቆርጦ እንደሆነ በምን እንወቅ?

መላሽ፦ ሲኒማ ቤቱ የጻፈውን ርዝመት ፊልሙ ከወጣበት ሀገር ርዝመት ጋር በደቂቃ አወዳድሩ። 3 ወይም 4 ደቂቃ ከጎደለ ተቆርጧል። ማስታወቂያና ትሬለር እዚህ ቁጥር ውስጥ አይገቡም። አንዱ ሀገር የከለከለውን ሌላው ሊያሳይ እንደሚችልም አስታውሱ፤ «ባርቢ» በ2023 ኩዌት ሲከለከል ሳዑዲና ኤምሬትስ ታይቷል።

ከዳላስ፦ እኔ አሁንም አቫታር ጨለማ ነው እላለሁ።

መላሽ፦ ጨረሩን አይተዋል? ካላዩ እዚያው ላይ ነን።

ከአዲስ አበባ፣ ሌላ ጠያቂ፦ ይቅርታ፣ ሁሉም ስለ ፈረንጅ ፊልም ሆነ። እኛ የራሳችንን ፊልም ጨርሰን ሲኒማ ቤት ስናሳየው ላፕቶፕ ላይ ያየነው ውበት ጠፋ፤ ጨለማ ሆነ፣ ግራ በኩል የተቀመጡት ንግግሩን ከግራ ግድግዳ ይሰማሉ። በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ነው የቀረጽነው።

መላሽ፦ ከሁሉም የጠበቅሁት ይህንን ነው። አንድ በአንድ እንሂድ።

ጨለማው፦ የሲኒማ ስክሪን ብርሃን 48 ኒት ነው፤ ኒትም የብርሃን መለኪያ ነው፣ ከላይ ያልሁት 14 ፉት ላምበርት ማለት ነው። ላፕቶፕ 300 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ቀለሙን ብርሃን በሞላበት ክፍል፣ በደማቅ ላፕቶፕ ካስተካከላችሁ የሌሊት ትዕይንቱ አዳራሽ ውስጥ ይሞታል። ክፍሉን አጨልሙ፣ ሞኒተሩን ወደ 100 ኒት አውርዱ፣ ጋማውን (ከጨለማ ወደ ብርሃን የሚሸጋገርበትን ልክ) 2.4 አድርጉ፣ ከዚያ ሥሩ። የፊት ገጽታ በሌሊት ትዕይንት ላይ መለየት አለበት፤ የእኛን የቆዳ ቀለም መጀመሪያ የሚበላው ይህ ስህተት ነው።

ፋይሉ፦ ሲኒማ ቤቱ የሲኒማ ሰርቨር ካለው ዲሲፒ፣ ማለትም ሰርቨሩ የሚያነበውን የፊልም ፋይል ጥቅል ሥሩ፤ ዲሲፒ ኦ ማቲክ የተባለው ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። የቀለሙን ልወጣ ለሱ ተዉት። ቀድማችሁ ለውጣችሁ እሱም ከለወጠው ቀለሙ ይበላሻል። 1920 በ1080 የሆነ ምስል 1998 በ1080 ውስጥ ሲገባ በጎንና በጎን ቀጭን ጥቁር ይተርፋል፤ ለመሙላት ብላችሁ አትለጥጡት፣ ሰው ይወፍራል። ሲኒማ ቤቱ የሚያሳየው በላፕቶፕና በተራ ፕሮጀክተር ከሆነ ግን ዲሲፒ አያስፈልግም፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ድምፁ፦ ንግግሩ በስቴሪዮ በግራና በቀኝ ብቻ ስለወጣ ነው። ከተቻለ 5.1 (የመሃል ስፒከርም ያለው ባለ ብዙ ስፒከር ድምፅ) አስቀላቅሉና ንግግሩን በሙሉ መሃል ላይ አድርጉት። ካልተቻለ ዲሲፒ ኦ ማቲክ ውስጥ ከስቴሪዮው የጋራውን ድምፅ አውጥቶ ወደ መሃል የሚልክ ማጣሪያ አለ።

25 ፍሬሙ፦ ሁሉም ሰርቨር 25 አይቀበልም፣ 24 ግን ሁሉም ይቀበላል። በየሰከንዱ አንድ ፍሬም አትጣሉ፣ እንቅስቃሴው ይንተፋተፋል። ሙሉውን በ24 አስኪዱት። 100 ደቂቃው 104 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ይሆናል፤ ድምፁ በጥቂቱ ስለሚወፍር ፒቹን (የድምፁን ቅጥነት) ወደ ነበረበት መልሱት። ቀጣዩን ፊልም ከመጀመሪያው በ24 ቅረጹ።

ዲስኩ፦ ሲኒማ ቤቱ የምትወስዱትን ዲስክ ፎርማት ስታደርጉ ፋት 32 አትጠቀሙ፣ ከ4 ጊጋ ባይት በላይ የሆነ ፋይል አይይዝም። ኤክስት 2 ወይም ኤክስት 3 አድርጉት። 100 ደቂቃ ፊልም በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት ወደ 75 ጊጋ ባይት ነው።

ያው ጠያቂ፦ ለውጭ ታዳሚ እንግሊዝኛ፣ ለኦሮምኛው ክፍል ደግሞ አማርኛ ሰብታይትል አለን። ለብቻው ፋይል እናድርገው?

መላሽ፦ አማርኛው ከምስሉ ጋር አንድ ሆኖ ይታተም። ለብቻው ከሆነና የግዕዝ ፎንቱ አብሮ ካልተያያዘ በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ይወጣል። እንግሊዝኛው ለብቻው ይሁን። ከምርቃቱ በፊት ባለው ቀን ዲስኩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ወደ ሰርቨሩ መገልበጡ ራሱ ጊዜ ይፈጃል። ከተገለበጠ በኋላ የመጀመሪያውን 5 ደቂቃ፣ አንድ የሌሊት ትዕይንትና የመጨረሻውን 5 ደቂቃ በዚያው አዳራሽ፣ ከስክሪኑ ወደ ኋላ ሁለት ሦስተኛው ላይ ተቀምጣችሁ እዩት።